ኦቦ ቱሉን ዝናብ ላይ መንዳት ያስተማርኩበት ክረምት

ሰበታ በሚገኘው የሚስማር ፋብሪካ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የአስተዳደር ኃላፊው የቅጥር ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «የፕሮቶኮል ጉዳዮች ረዳት ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። እኔም እንደማላውቅ ነገርኩት። ማኅተሙን መታበትና፣ «ቢሮ የለሽም፤ ወንበር ግን ከስብሰባ አዳራሹ መውሰድ ትችያለሽ» አለኝ።

ወንበሩን ሳልወስድ የፋብሪካው ባለቤት ኦቦ ቱሉ አስጠሩኝ። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ከተጂ መጥተው፣ ሰበታ ገበያ ዳር አንዲት የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍተው፣ ከዚያ ተነስተው ነው ፋብሪካ ያቆሙት። ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰዱኝና አንድ ሸራ ገለጡ።

ከሸራው ሥር ቀይ የስፖርት መኪና ቆማለች። ሁለት በር ናት፤ ከመሬት ከፍታዋ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቷት ነው የሄደው፤ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ይጠጋል። የፊት መብራቶቿ ቁልፍ ሲጫኑ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚሉ ዓይነት ናቸው። የቀኙ ብቅ ይላል፤ የግራው ሐሳቡን እስኪወስን ይጠበቃል።

«ጥሩወርቅ፣ ቡራዩ ስንት ዓመት መንዳት አስተማርሽ?» አሉኝ።

«አሥራ አራት ዓመት።»

«ስንት ሰው ሞተብሽ?»

«አንድም አልሞተብኝም።»

«ቶሌ፣ ጥሩ ነው። እንግዲያው ይቺን ታስተምሪኛለሽ። ማንም እንዳይሰማ።»

የፕሮቶኮል ጉዳይ የተባለው ይኸው ነበር። ኦቦ ቱሉ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ዘመናት አልፈዋል፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሾፌር ነው የነዳቸው። በበጋው ቀዩዋን መኪና ይዘው ዓለም ገና ድረስ ወጣ ገባ ብለዋል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን ግን አደባባይ ላይ ሲታጠፉ የመኪናዋ ኋላ ከፊቷ ቀድሞ ሊዞር ሞከረ። የባጃጅ ተራ አስከባሪዎች አጨበጨቡ። እሳቸው ሆን ብለው ያደረጉት ለማስመሰል እጃቸውን አውጥተው ሰላምታ ሰጡ፤ ቤታቸው ሲደርሱ ግን ከመኪናዋ መውረድ አቅቷቸው ነበር። ይህን የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ትምህርት መሪውን ራሴ ያዝኩና እሳቸውን ከጎኔ አስቀመጥኩ። የመኪናዋን ጠባይ በቀላሉ አስረዳኋቸው። የሞተሩ ኃይል የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ነው፤ ኋላዋ ደግሞ ቀላል ነው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ አለ፤ እሷ ላይ የለም። ጎማዋ ሰፊ ስለሆነ ውኃ ሲያገኝ አስፋልቱን ለቆ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ መሪውም፣ ፍሬኑም፣ ነዳጁም የሚነካው በቀስታ ነው። ድንገተኛ ነገር አትወድም።

«ማለት እንደ ባለቤቴ» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ባለቤታቸውን ስለማላውቃቸው ወደ ፍሬኑ ተመለስኩ።

ልምምዱን የምናደርገው እሑድ እሑድ፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ሰፊው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነበር። የውኃ ቦቴ አስመጥቼ ሜዳውን አስረጨዋለሁ። የአስተዳደር ኃላፊው በሁለት ቋንቋ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ «ግቢው እየታጠበ ስለሆነ ወደ ሜዳው መግባት ክልክል ነው» ይላል። በወሩ መጨረሻ ባቀረበው ሪፖርት የግቢው ንጽሕና መሻሻሉን ከሥራ ክንውኖቹ መካከል አስገብቶት አየሁ።

ኦቦ ቱሉ ሲጀምሩ መሪውን እንደ ሌባ እጅ ጨምድደው ነበር የሚይዙት። መኪናዋ ስትንሸራተት ፍሬኑን በሙሉ ክብደታቸው ይረግጡታል፤ እሷም ትሽከረከራለች። በሁለተኛው እሑድ ተሽከርክራ የሽቦ ጥቅል ክምር አጠገብ ስትቆም ዘበኛው ወደ እኛ ሮጦ መጣ።

«ሜዳው ጸድቷል?» ብለው ጠየቁት ኦቦ ቱሉ ቆጣ ብለው።

«ጸድቷል ጌታዬ» አለ ዘበኛው፤ ወደ በሩም ተመለሰ።

በአምስተኛው እሑድ ግን ለውጥ መጣ። ኋላዋ ሲሸሽ ፍሬኑን ሳይነኩ፣ ነዳጁን ቀስ አድርገው ቀንሰው፣ መሪውን ኋላዋ ወደሸሸበት አቅጣጫ ትንሽ አዞሩት። መኪናዋ ቀጥ አለች። ዞር ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ የተማሪ ደስታ ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያንን ፊት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዚያ ፊት በኋላ የሚመጣውንም አውቃለሁ፤ ሰውዬው መማሩን የጨረሰ ይመስለዋል።

በመንገድ ላይ ሌላ ሰው አብሮን ሲሆን በምልክት እንድንግባባ ያሰቡት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ካሳልኩ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሁለት ጊዜ ካሳልኩ ፍሬን አይነኩም። እኔ ነገሩን አልወደድኩትም፤ ክረምት ላይ ሰው በእውነትም ያስለዋል። ቢሆንም የሥራ ዝርዝሬ ያልተጻፈ ስለነበር ሥራዬ አይደለም ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ መኪናዋን ይዤ ቡራዩ ወደ ማርቆስ ጋራዥ ሄድኩ። ማርቆስ ከወላይታ ሶዶ የመጣ መካኒክ ነው፤ አስተምርበት የነበረውን ማሰልጠኛ መኪኖች ሁሉ ሲጠግንልኝ የኖረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ኦቦ ቱሉ «ቀለሟንና አለባበሷን እዩልኝ» ብለው ከኋላዬ በፒካፕ ተከትለው መጡ።

ማርቆስ ቀለሙን ለማየት አልቸኮለም። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በጨርቅ ጠረገና ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበበ። ቁጥሮቹ ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። አራቱንም ጎማ አየና በጥፍሩ ጫን ጫን አደረጋቸው።

«ኦቦ ቱሉ፣ ይሄ ጎማ ልጅ ቢሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነበር» አላቸው።

«ጥርሱን እየው እንጂ፤ አልተበላም» አሉ።

«ያልተበላው ስላልተነዳ ነው። ጎማ ቁሞም ያረጃል። ይሄ ደርቋል፤ ቀንድ ሆኗል። በደረቅ አስፋልት ይሄዳል፤ እርጥብ ላይ አይዝም።»

የጎማው መጠን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ማርቆስ አዲስ አበባን አስሶ ሁለት ብቻ አገኘ። የቀሩት ሁለቱ ከዱባይ ይመጣሉ ተባለ። እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው።

«ሁለቱን አዲሶች ከኋላ እናስራቸው» አልኩ።

«ለምን? መኪና የሚሄደው ወደፊት አይደል?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«ከፊት ያለው ጎማ ሲከዳ መኪናው ቀጥታ ይሄዳል፤ ይሰማዎታል፤ ቀስ ይላሉ። ከኋላ ያለው ሲከዳ ግን ይሽከረከራል። ስለዚህ ጥሩው ሁልጊዜ ከኋላ ነው።»

«ሰው የሚያየው ፊቷን ነው፤ እንግዳ የሚቀበላት ከፊት ነው» አሉ።

ማርቆስ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። የተከራከርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ መከራከር ነበረብኝ። ማርቆስ ክሪኩን አስገብቶ አዲሶቹን ከፊት አሰረ። ሲጨርስ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝና፣ «የዱባዮቹ እስኪመጡ ድረስ ዝናብ ላይ እንዳይነዷት» አለኝ በዝግታ።

ከዱባይ ምንም ሳይመጣ ሐምሌ ገባ። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቱሉ አስጠሩኝ። ካባቸውን ለብሰዋል። አጠገባቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ ከነከዘራቸው ቆመዋል፤ የአባታቸው የቅርብ ዘመድ ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ ሰማንያ የተጠጉ። የኦቦ ቱሉ ልጅ ሱሉልታ ያለች አንዲት ልጅ ወዶ፣ በዚያ ቀን ሽማግሌ ሊላክ ነበር። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ሱሉልታ ነዋሪ ስለሆኑ እዚያው ይጠብቃሉ።

«በቀዩዋ ነው የምንሄደው» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ዝናቡ ከነጋ ጀምሮ አላባራም። «ፒካፑ ቆሟል እኮ» አልኳቸው።

«በፒካፕ ሚስማር ነው የሚጫነው። አንቺም ትመጫለሽ፤ ፕሮቶኮል ነሽ።»

ኦቦ ጉተማ በዕድሜያቸውም በቁመታቸውም ከፊት መቀመጥ ነበረባቸው። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። እኔ ከኋላ፣ ለልጅ እንኳ በማይበቃው ወንበር ላይ ተጣጥፌ ገባሁ። የኦቦ ጉተማ ከዘራ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አልፎ ከጉንጬ አጠገብ አረፈ። ከአሥራ አራት ዓመት ማስተማር በኋላ ተማሪዬን ከጀርባው ሆኜ ስከታተል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እግሬ ፍሬን አይደርስ፤ እጄ የእጅ ፍሬኑን አይነካ።

ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ደህና ሄድን። የኦቦ ጉተማ ጋቢ እርጥብ ስለነበር መስተዋቱ ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፈነ። የመኪናዋ ማራገቢያ አይሠራም። ኦቦ ቱሉን መስኮታቸውን ትንሽ እንዲከፍቱ ለመንኳቸውና በጋዜጣ ከኋላ እየተንጠራራሁ ጠረግሁ። ኮልፌ አካባቢ ኦቦ ቱሉ ፈጠን ሲሉ አንድ ጊዜ አሳልኩ፤ ቀነሱ። ዊንጌት ላይ ደግሜ አሳልኩ፤ ቀነሱ።

አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ኦቦ ጉተማ ዞር ለማለት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ፊት ለፊት እያዩ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሳል መቼ ጀመረሽ?» አሉኝ።

«ትንሽ ብርድ ነው አባቴ።»

«ፌጦ በማር ጠጪበት። ቱሉ፣ ሠራተኞችህን ሐኪም ዘንድ አትልክም?»

«እልካለሁ አባቴ» አሉ ኦቦ ቱሉ።

እንጦጦን ወጥተን ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ስንጀምር ጉሙ ወረደ። ግራው መብራት ብቅ አላለም። ከቀኝ ካለው ተራራ የሚወርደው ውኃ አስፋልቱን አቋርጦ ይፈሳል። ከፊታችን ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ነበር፤ ኦቦ ቱሉ በሦስተኛ ማርሽ እየሮጡ ወደ እሱ ተጠጉ። አንድ ጊዜ አሳልኩ። አልቀነሱም። ኦቦ ጉተማ ስለ ፌጦው ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዷቸው ስለነበር ወደ እሳቸው ዞር ብለው «እሺ አባቴ» ይሉ ነበር። ኩርባው ውስጥ ገባን። ፍጥነቱ እንደበዛ ያን ጊዜ ታወቃቸው፤ እግራቸው ከነዳጁ ሲነሳ አየሁ። ሁለት ጊዜ አሳልኩ።

«አሁንስ ይቺ ልጅ ሳንባዋ ነው» አሉ ኦቦ ጉተማ።

ኦቦ ቱሉ ፍሬኑን ረገጡት።

ሳሉን ትቼ «ፍሬኑን ይልቀቁት» ብዬ ጮህኩ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ፊቷ በአዲሶቹ ጎማዎች አስፋልቱን ነክሶ ያዘ፤ ኋላዋ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። መጀመሪያ ተራራውን አየሁ፤ ቀጥሎ ገደሉን፤ ቀጥሎ የመጣንበትን መንገድ። ልጆቼን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት የማርቆስን ፊት ነው። ከዚያ አንድ ድፍን ድምፅ ተሰማ፤ ቆምን። በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ በኋላ ጎማዋ ገብታ፣ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዙራ ነበር የቆመችው። በሌላው በኩል ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ዝናብ መጥረጊያው ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። የታሸገ ውኃ የጫነ አይሱዙ ከሱሉልታ በኩል ሽቅብ እየመጣ አጠገባችን ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ካባ የለበሱትን ኦቦ ቱሉን፣ ከነከዘራቸው የተጣጠፉትን ኦቦ ጉተማን፣ በመሃላቸው የበቀለ የሚመስለውን ጭንቅላቴን አየና፣ «ለቪዲዮ ነው እንዴ?» አለ።

ኦቦ ጉተማ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ቱሉ፣ መኪና መንዳት አትችልም እንዴ?» አሉ።

ኦቦ ቱሉ መሪውን እንደያዙ ናቸው። በፋብሪካው ውስጥ አልችልም ሲሉ የሰማቸው ሰው አልነበረም። መሪውን ለቀቁና፣ «እየተማርኩ ነው አባቴ» አሉ። «አስተማሪዬ እሷ ናት። ሳሉም በሽታ አልነበረም፤ ምልክት ነው።»

«አስተማሪህ ከሆነች ለምን ከኋላ ተቀመጠች?»

ኦቦ ቱሉ በሩን ከፍተው ወረዱ።

የአይሱዙው ሾፌርና ረዳቱ ወርደው ገፉልን። የስፖርት መኪናዋ ቀላል ስለሆነች ቶሎ ወጣች። የኋላ ቸርኬዋ ትንሽ ተጎድቷል፤ ጎማው ግን አልተነፈሰም። ኦቦ ቱሉ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እሳቸውን ወደ ኋላው ወንበር ማስገባት ግን ጊዜ ፈጀ። መጀመሪያ ኦቦ ጉተማ መውረድ ነበረባቸው፤ ከዚያ ወንበሩ ታጥፎ የፋብሪካው ባለቤት በጎናቸው ገቡ፤ ካባቸውን እኔ ከበሩ ውጭ አጣጥፌ አቀበልኳቸው።

ቀሪውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ፣ ውኃ የተኛበትን ሁሉ እየሸሸሁ ነዳሁ። ሚኒባሶች አለፉን። አንድ ጋሪም አለፈን። ኦቦ ቱሉ ከኋላ ሆነው ጋሪውን በዓይናቸው ሸኙት። ሱሉልታ ስንደርስ ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል አሳልፈን ነበር።

የልጅቷ አባት አቶ ደምሴ ጃንጥላ ይዘው በር ላይ ይጠብቁናል። ጡረታ የወጡ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ናቸው፤ ይህን የኦቦ ቱሉ ልጅ ለአባቱ ሳይነግር መቅረቱን ያወቅነው እዚያ ነው። ሁለቱ የሱሉልታ ሽማግሌዎች ከጀርባቸው ቆመዋል። ኦቦ ጉተማ ወረዱ። ወንበሩ ታጠፈ። ኦቦ ቱሉ ካባቸውን በትከሻቸው ጥለው በእጃቸው እየዳኹ ወጡ። አቶ ደምሴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተመለከቱ። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ኋላ ጎማው አጠገብም ጎንበስ አሉ።

«ከፊት አዲስ፣ ከኋላ አሮጌ» አሉ። «በዚህ ዝናብ። ማን ነው ያሰረው?»

ኦቦ ቱሉ «ማርቆስ ነው» ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። «እሷ ናት» ሊሉም ይችሉ ነበር፤ አልከራከራቸውም ነበር። ኦቦ ቱሉ ግን፣ «ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ከኋላ ይሁን ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ኩርባው ላይም ፍሬኑን የረገጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ደምሴ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ብዙ ዓመት ሰው ፈትኛለሁ» አሉ። «የወደቀው ሁሉ መንገዱ ነው፣ መኪናው ነው፣ ፀሐዩ ነው ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ ያለኝ ሰው አላስታውስም። ግቡ፤ ዝናብ ላይ አትቁሙ።»

ገብተው ተነጋገሩ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ እግሬን አደረቅሁ። ልጅቷ ሻይ ስትሰጠኝ እጄ መቀዝቀዙን አወቀችና ሁለት እጇን በእጄ ላይ አድርጋ እስኪሞቀኝ ድረስ ያዘችኝ። አቶ ደምሴ በዚያ ቀን እሺ አላሉም፤ ልማዱም አይደለም። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ። በፒካፕ ኑ» አሉ። በሁለተኛው ጊዜ በፒካፕ ሄድን፤ እሺ አሉ።

ከዱባይ የተባሉት ጎማዎች መስከረም ጠብቶ ነው የመጡት። ኦቦ ቱሉ ራሳቸው ቡራዩ ድረስ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ማርቆስም አራቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ አሰራቸው። ኦቦ ቱሉ ማርቆስን ይቅርታ ጠየቁት፤ እሱም የቸርኬውን ጉዳት ካየ በኋላ እግዜር እንዳወጣቸው ነገራቸውና ለምስጋና ጸሎት ጋራዡ ውስጥ እንዲቆሙ አደረገ። ኦቦ ቱሉ ጎማ አቅፈው ቆሙ።

በቀጣዩ ክረምት እሑድ ሜዳው ሲረጭ ማስታወቂያ አልተለጠፈም። ሠራተኞቹ ሽቦ ጥቅሉ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ባለቤቱ ሲሽከረከሩ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ለጥቂት ሳምንታት ግልጽ አልነበረም፤ የአስተዳደር ኃላፊው ስለ ጉዳዩ ስብሰባ ጠራ። ኦቦ ቱሉ ስብሰባው ላይ ራሳቸው ሲስቁ ጉዳዩ አለቀ። በዚያው ዓመት የፎርክሊፍት ሾፌሩን፣ ሁለት የሂሳብ ሠራተኞችንና ዘበኛውን ዝናብ ላይ መንዳት አስተማርኩ። ዘበኛው ከሁሉም ይሻል ነበር፤ አይቸኩልም።

እዚያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ወጣሁ። የኦቦ ቱሉ አነዳድ ዛሬ ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ቀስ ይላሉ፤ የሚያልፋቸውንም ዝም ብለው ያሳልፋሉ።

አሮጌ የስፖርት መኪና ዝናብ ላይ የሚነዳ ሰው የጎማውን ዕድሜ ያንብብ። ሁለት ጥሩ ጎማ ብቻ ካለው ከኋላ ያስር። ፍጥነቱን ኩርባ ሳይገባ ይቀንስ፤ ኩርባ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን አይርገጥ። የሚያስተምረው ሰው ካለ ከጎኑ ያስቀምጠው።